«ቤልቪው ውሰዱት» ከተባለ በኋላ ያለው ታሪክ

እማዬ ከኒውዮርክ ሆስፒታሎች ስሙን የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው፣ ቤልቪውን። ኒውዮርክ ሄዳ አታውቅም፣ ያለነው ቨርጂኒያ ነው። ቤልቪውን ያስተማራት ሎው ኤንድ ኦርደር ኤስቪዩ ነው። ከ1999 ጀምሮ እስከዛሬ ያላለቀ የፖሊስ ድራማ ነው፣ እማዬም እዚህ ሀገር ከመጣች ጀምሮ ማታ ከስራ ስትመለስ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ እሱን ነው ምታየው፣ ዋናዋን ዲቴክቲቭ ኦሊቪያን እንደ ልጇ ነው ምትወዳት፣ የእንግሊዝኛዋም ግማሹ ከሷ የመጣ ነው። በዛ ድራማ ላይ አንድ ሰው ራሱን ሲስት፣ ሲጮህ፣ ጣራ ላይ ሲወጣ፣ ዲቴክቲቩ ዞር ይልና «ቤልቪው ውሰዱት» ይላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ማስታወቂያ ይገባል። ከማስታወቂያው በኋላ ወሬው ሌላ ነው። ሰውየው ድጋሚ ከታየ ዲቴክቲቮቹ ጥያቄ ሊጠይቁት ክፍሉ ድረስ ሲገቡ ነው፣ ፒጃማ ለብሶ በመስኮት እያየ።

ይሄን ምጽፈው ግን ስለ ድራማው ብቻ ብዬ አደለም። ከሁለት አመት በፊት ጃንዋሪ ላይ ታናሽ ወንድሜ ታመመ። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፣ እንደውም «ማተቡን እንዳትረሺ» ነው ያለኝ፣ እደርስበታለሁ።

አራት ቀን አልተኛም። ምግቡ ተመርዟል ብሎ አልበላም አለ። በአምስተኛው ሌሊት በዛ ብርድ በቲሸርት ሀይዌይ ዳር ሲሄድ አገኘሁት፣ መኪና ውስጥ አልገባም ስላለኝ መኪናዬን ትቼ አብሬው በእግሬ እየሄድኩ ቤት አደረስኩት፣ ቤት ከገባን በኋላም ተመልሼ እወጣለሁ አለ። 911 የደወልኩት እኔ ነኝ። ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ረጋ ያለ ሰው ነበር፣ ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አነጋገረው፣ ሲወስዱት ግን ካቴና አደረጉለት። እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፣ መኪናው ሲነሳ «በቃ፣ ፋይሉን ዘጉት» አለች። ልጄ ጠፋ ማለቷ ነው። ድራማው ላይ በሩ ከተዘጋ የሚመለስ የለማ።

እኔም «ሰባ ሁለት አወር ሆልድ» ሚባለውን፣ ታማሚን ያለፈቃዱ እስከ 72 ሰአት ማቆየትን፣ ሰምቻለሁ፣ ካሊፎርኒያ ላይ «ፊፍቲ ዋን ፊፍቲ» እንደሚሉትም አውቃለሁ፣ ሁሉንም ከቲቪ ነው የለቀምኩት። 72 ሰአቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ክፍል ላይ አይቼ አላውቅም። ኢመርጀንሲ ሩም አልጋ እስኪፈለግለት ቁጭ ባልንበት ስልኬ ላይ ህጉን ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዛን ሌሊት ወዲህ አላቆምኩም።

ከቤልቪው ልጀምር፣ እማዬ ስለምታውቀው። ከ1736 ጀምሮ ያለ የህዝብ ሆስፒታል ነው። ኒውዮርክ ላይ ሰው ያለፈቃዱ በአስቸኳይ ሲገባ፣ ያስገባው ሀኪም ብቻውን አይበቃም፣ በ48 ሰአት ውስጥ ሌላ ሀኪም አይቶ ማረጋገጥ አለበት፣ በዚህ መንገድ ሚቆየውም እስከ 15 ቀን ነው፣ ከዛ በላይ ማቆየት ከፈለጉ ሌላ የህግ መንገድ አለው። ታማሚው «አልስማማም፣ ዳኛ ይየኝ» ብሎ በጽሁፍ ከጠየቀ በ5 ቀን ውስጥ ችሎት ይቀርባል። ገንዘብ የለኝም ማለት የለም፣ ሜንታል ሃይጂን ሊጋል ሰርቪስ ሚባል ለታማሚዎች ብቻ የቆመ የጠበቆች ቢሮ አለ፣ ክፍያውም ከመንግስት ነው። ችሎቱ ደሞ እዛው ቤልቪው ውስጥ ነው ሚቀመጠው። አስቡት እስቲ፣ ዲቴክቲቩ «ውሰዱት» ብሎ ከሚሰናበተው ሰውዬ ጋር አንድ ህንጻ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ክርክር አለ፣ በሀያ ምናምን አመት ውስጥ ካሜራው እዛ ክፍል ሲገባ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

መርፌውስ? ድራማው ላይ ሁለት ጉልበተኛ ነርሶች ይይዙታል፣ ይወጋል፣ ያንቀላፋል። አዎ፣ አደጋ ሲኖር፣ ራሱን ወይ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል ይፈቀዳል። በየቀኑ መድሀኒት በግድ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ኒውዮርክ ከ1986 ጀምሮ፣ ሪቨርስ ቨርሰስ ካትዝ በሚባለው ፍርድ ምክንያት፣ ሆስፒታሉ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይሄ ሰው ስለ መድሀኒቱ በራሱ መወሰን አይችልም ብሎ ማስረዳት አለበት። ሆስፒታል ገብቷል ማለት ስለራሱ ምንም መወሰን አይችልም ማለት አደለም ነው ነገሩ። ይሄን ያነበብኩት ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ የኢመርጀንሲው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው፣ አለቀስኩ።

እኛ ጋር ቨርጂኒያ ስሙም ሰአቱም ይለያል። ፖሊስ ሰውን ይዞ ማቆየት ሚችለው 8 ሰአት ነው፣ ኢሲኦ (የአስቸኳይ ማቆያ ትእዛዝ) ይሉታል። በዛ ውስጥ የአካባቢው የአእምሮ ጤና ቢሮ ባለሙያ ያየዋል (ወንድሜን በስክሪን ነው ያየችው)፣ ያስፈልገዋል ካለች ማጅስትሬት ሚባለው የፍርድ ቤት ሹም ቲዲኦ (ሆስፒታል ውስጥ ጊዜያዊ ማቆያ ትእዛዝ) ያወጣል፣ እሱ እስከ 72 ሰአት ነው፣ ዊክኤንድ ወይ በአል ከገባበት ይረዝማል። 8 ሰአት እንዲሁ የመጣ ቁጥር አደለም። 2013 ኖቬምበር ላይ የግዛቱ ሴናተር ክሪ ዲድስ ልጁ ታሞበት ተይዞ ነበር፣ ያኔ ህጉ ሚፈቅደው 4 ሰአት፣ ቢራዘም 6 ነው፣ አልጋ አልተገኘም ተባለ፣ ሰአቱ አለቀ፣ ልጁ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ አባቱን በስለት ደጋግሞ ወግቶ የራሱንም ህይወት አጠፋ። አባትየው ተረፈ፣ ጠባሳው ፊቱ ላይ እያለ ምክር ቤት ተመለሰና በ2014 ህጉን አስቀየረ፣ ሰአቱ ወደ 8 ከፍ አለ፣ ሌላ ቦታ ካልተገኘም የመንግስት ሆስፒታል አልጋ የለም ብሎ መመለስ እንዳይችል ሆነ። ድራማው ሁልጊዜ ሚያስፈራራን ጤነኛ ሰው በግድ ሲዘጋበት ነው፣ እሱም ይደርሳል፣ ግን ሰው አልጋ አጥቶ ሲመለስም ይሞታል፣ እኔ ያን ሌሊት የፈራሁት ሁለቱንም ነው። ለወንድሜ አልጋ የተገኘው በሰባተኛው ሰአት ላይ ነው፣ ከቤታችን ሁለት ሰአት ተኩል ሚያስነዳ ቦታ።

ስለ ቋንቋው ልናገር፣ ምክንያቱም ድራማው ላይ ታማሚው ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ነው ሚያወራው። ወንድሜ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ኮሌጅ ተምሮበታል። ሲታመም ግን እንግሊዝኛው ጥሎት ሄደ፣ አማርኛ ብቻ ሆነ። በኋላ ሪከርዱን አስወጥተን ስናነበው ኢመርጀንሲ የተጻፈበት «ትርጉም የሌለው ነገር ለብቻው ያጉተመትማል» ነው ሚለው። አቡነ ዘበሰማያት ነበር እኮ ሚለው! አጠገቡ ነበርኩ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨምሮ አንድም ቃል ሳይስት ነው የደገመው። ከፌደራል መንግስት ገንዘብ ሚወስድ ሆስፒታል በሙሉ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ቤተሰብ ያስተርጉም ብሎ ማስገደድም አይችልም። የኛው ሆስፒታል ግን «አንቺ ጠይቂልን» አለኝ፣ እኔም መብቴን አላውቅም፣ እሺ አልኩ። ባለሙያዋ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ በይው» ስትለኝ አፌ እምቢ አለኝ። «ደክሞሃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። አዎ አለኝ። «ደክሞኛል ነው ሚለው» ብዬ መለስኩላት። እህት አስተርጓሚ መሆን እንደማትችል ከዛች ደቂቃ በላይ ምንም ሊያስረዳኝ አይችልም። ሌላ ነገር አድርጎ ስለነበር ቲዲኦው ወጣ እንጂ በኔ ትርጉም ወደ ቤት መልሰውት ቢሆንስ እያልኩ እስከዛሬ እባንናለሁ።

ችሎቱ በሶስተኛው ቀን ነበር። እማዬ ጥቁር በጥቁር ለብሳ ነው የመጣችው፣ ልታወልቅ አልፈለገችም። ክፍሉ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለ ተራ የስብሰባ ክፍል ነው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ካባ ያልለበሰ ዳኛ፣ በነጻ የተመደበለት ጠበቃ፣ ወንድሜን ለብቻው ያየው ገለልተኛ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ አስተርጓሚዋ ደሞ በስልክ፣ ስፒከር ላይ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኛው ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ለታማሚው «ከፈለግክ በራስህ ፈቃድ መተኛት ትችላለህ» ብሎ መንገር አለበት። ዳኛው «ቮለንታሪ» አለ። አስተርጓሚዋ «በበጎ ፈቃደኝነት» አለችው። ወንድሜ ቀና ብሎ «እኔ እዚህ በነጻ ልሰራ አልመጣሁም» አለ።

አስተርጓሚዋ ያለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፣ ዳኛው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ። ልክ ነው ልጁ፣ ማንም አበሻ እንደዛ ነው ሚሰማው፣ በጎ ፈቃደኛ ማለት ሳይከፈለው ሚሰራ ሰው ነው። ግን በእንግሊዝኛ ሲሰማ የቃዠ ሰው ነው ሚመስለው። ምስክር ስለነበርኩ ሳልጠየቅ መናገር አልችልም፣ እግዚአብሄር ይስጠው ጠበቃው ፊቴን አይቶ «ክቡር ዳኛ፣ ትርጉሙ ላይ ችግር ያለ ይመስለኛል» ብሎ አስቆመው። እንደገና «በራስህ ፈቃድ ሆስፒታል ለመተኛት ትስማማለህ ወይስ ዳኛው ይወስን?» ተባለ። ብዙ ዝም አለ። ከዛ «በፈቃዴ ከተኛሁ ማነው ሚያስወጣኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ከወንበሩ ተነስቶ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ እያረፈ አስረዳው፣ መጀመሪያ ቢበዛ 72 ሰአት እንደሚቆይ፣ ከዛ መውጣት ሲፈልግ ራሱ 48 ሰአት ቀድሞ እንደሚያሳውቅ። ፈረመ። ዘጠኝ ቀን ተኛ።

እምቢ ብሎ ቢሆን ዳኛው እስከ 30 ቀን ሊያስተኛው ይችል ነበር፣ ግን እሱም በግምት አደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 የቴክሳስ ጉዳይ ላይ፣ አዲንግተን ይባላል፣ ለዚህ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስፈልጋል ብሏል። ውሳኔውን ካልተቀበልክ ደሞ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብለህ ነገሩ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይታያል። እማዬ ይሄን ሁሉ ስነግራት «ታዲያ ለምን አያሳዩንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሀገር ቤት እያለን «አማኑኤል ገባ» ሲባል ድምጽ ተቀንሶ ነው ሚነገረው፣ ስለገባው ሰው ከዛ በኋላ አይጠየቅም። እዚህ ስንመጣ ቲቪው ላይ ያገኘነው ያንኑ ነው፣ አማኑኤል በሚለው ምትክ ቤልቪው ብቻ ገባበት።

ኬኔት ዶናልድሰን ሚባል ሰው ነበር። በ1957 ፍሎሪዳ ውስጥ አባቱ አመልክቶ ሆስፒታል ገባ፣ ወደ 15 አመት ገደማ እዛው ቀረ። ማንንም አልጎዳም። ውጪ ያሉ ሰዎች እኛ እንወስደዋለን እያሉ እንኳን አልተለቀቀም። ከውስጥ ሆኖ ፍርድ ቤቶች ጋር ይጽፋል፣ ይመለስበታል፣ ይጽፋል። በመጨረሻ በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና፣ አደገኛ ያልሆነን ሰው፣ ብቻውን ወይ በዘመድ በወዳጅ እርዳታ ውጪ መኖር ሚችልን ሰው፣ እንዲሁ ዘግታችሁ ማቆየት አትችሉም ተባለ። ይሄን ለእማዬ ሳነብላት «በዘመድ በወዳጅ» ሚለው ጋር ስደርስ አስቆመችኝና «እኛ አለን» አለች። አዎ፣ ህጉ እኛንም ይቆጥረናል። ችሎቱ ላይ ገብተህ ያየኸውን መናገር ትችላለህ፣ መቼ እንዳልተኛ፣ መቼ እንዳልበላ፣ ማን ቤት እንደሚያስታምመው። ያላችሁበት ሆናችሁ ቀኑን ጻፉት፣ በኋላ ይምታታል።

ድራማው ያስለመደን ሌላው ነገር «እብድ ነኝ ብሎ አመለጠ» ሚባለው ነው። ዲሲ ደቡብ ምስራቅ ሴንት ኤልዛቤትስ ሚባል የድሮ ሆስፒታል አለ፣ ብዙዎቻችን በአጠገቡ በመኪና እናልፋለን። በ1975 ዲሲ ላይ ጃኬት ሊሰርቅ ሲል የተያዘ ሰው ነበር፣ ጥፋተኛ ቢባል ቢበዛ አንድ አመት ነው ሚታሰረው። በአእምሮ ህመም ምክንያት ጥፋተኛ አደለም ተባለ፣ እዛ ሆስፒታል ገባ፣ አመቱ አለፈና ልቀቁኝ ቢል በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የለም፣ ከእስራቱ በላይም ሊቆይ ይችላል ብሎ ፈረደበት። ለጃኬት! ፕሬዝዳንት ሬገን ላይ የተኮሰው ሂንክሊ ደሞ በ1982 እዛው ገብቶ ከእናቱ ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው፣ የቀረው ገደብ የተነሳለት በ2022። የቱ ጋር ነው ያመለጠው?

ኤስቪዩን መኮነን ብቻ ደሞ አልፈልግም። በ2008 «ስዊንግ» ሚል ክፍል አለው፣ የዲቴክቲቭ ስቴብለር ልጅ ካትሊን ባይፖላር ሚባለው የአእምሮ ህመም ይዟት ሰው ቤት ሰብራ ገብታ ምትያዝበት። አባትየው ያስፈራራል፣ ይለምናል፣ አትሰማውም። በመጨረሻ ሚሆነው አያቷ፣ ያው ህመም ያለባት የስቴብለር እናት፣ መጥታ አነጋገረቻት። ኤለን በርስቲን ናት አያቷን ሆና የሰራችው፣ በ2009 ኤሚ ተሸለመችበት፣ ይገባታል። ወንድሜ ከሆስፒታል ከወጣ ከወራት በኋላ ሶስታችንም አብረን አየነው። እማዬ አያቷ ስታወራ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ደሞ ሳየው ማስበው፣ ፖሊስ የሆነ አባት ማን ጋር እንደሚሄድ ያውቃል፣ በሩን ያውቀዋል፣ በዛ ከተማ ስንት ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሚሰራ አባት ግን ወዴት እንደሚደውል አያውቅም፣ ስለሱ ክፍል የለም።

ማተቡ። ሳይካትሪ ክፍል ስትገባ ገመድ ሚባል ሁሉ ይወሰዳል፣ የጫማ ክር፣ ቀበቶ፣ የሁዲ ገመድ። ምክንያቱን አልቃወምም፣ ሰው ራሱን እንዳይጎዳበት ነው። ግን ለወንድሜ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳው ሰው አልነበረም፣ አንድ ሰው ይዞት ሌላው በመቀስ ቆረጠው። ማተብ ለኛ ምን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም፣ ክርስትና ሲነሳ የታሰረለት ነው፣ ክሩ ሲያልቅ እየተቀየረ አንገቱ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። «ከካቴናውም ከመርፌውም ያመመኝ እሱ ነው፣ ሃይማኖቴን ያስካዱኝ መስሎኝ ነበር» ይላል። ከዛ በኋላ ለማንም አልመለሰም። ዝምታው ደሞ ሪከርዱ ላይ የህመሙ ምልክት ተብሎ ነው የተጻፈው። ችሎቱ ላይ ያላት ያቺ «በነጻ ልሰራ አልመጣሁም» ከዛ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነበረች።

ቨርጂኒያ ውስጥ ለእንደዚህ አይነት ቦታ ሁሉ የታማሚዎች መብት ተከራካሪ ሚባል ሰው አለ፣ ሆስፒታሉ አደለም ሚቀጥረው፣ የግዛቱ ነው። ስልኩ የታማሚዎቹ ስልክ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፣ ደወልኩ፣ አስረዳሁ። በማግስቱ ገመድ የሌለው ትንሽ የእንጨት መስቀል ኪሱ ውስጥ እንዲይዝ ተፈቀደለት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ መብላት ጀመረ። ከወጣ በኋላ ደሞ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ላከ፣ ይቅርታ ጠይቀው ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው በአስተርጓሚ ተነግሮት፣ ሳይቆረጥ ተፈቶ፣ ስሙ በተጻፈበት ፖስታ ይቀመጣል ሚል። እማዬ ሁለቴ አስነበበችኝ። የተቆረጠውን ማተብ ከደብዳቤው ጋር አጥፋ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው፣ አዲሱን ቄሱ ጸልየው አሰሩለት።

ባለፈው አርብ ደሞ ኤስቪዩ እያየን ነበር፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ አላስታውስም፣ አንድ ልጅ እየጮኸ ሁለት ፖሊስ ይዘውት ያቺው ቃል ተባለች። አንገቱ ላይ ቀጭን ነገር ነበረው። እማዬ ሪሞቱን ልታነሳ ስትል ወንድሜ ወደ ቲቪው ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ፖስታ ጠይቃቸው፣ እንዳይቆርጡት» አለው።